ዳታ ተከትዬ ወደ ስምጥ ሸለቆ

ሰኞ። ቃሊቲ መናኸሪያ ስደርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አልሞላም፣ ሰማዩ ደመና ለብሷል፣ የግንቦት ሙቀት ግን ገና በማለዳው ከአስፋልቱ መነሳት ጀምሯል። "ናዝሬት፣ ናዝሬት፣ በፈጣኑ!" የሚለው ረዳት ቦርሳዬን ከእጄ ወስዶ ከኋላው ወንበር ሥር ወሸቀውና አንድ ሰው ይቀረናል ብሎ ግማሽ ሰዓት አስቀመጠን። ከተማዋ በመንግሥት ወረቀት አዳማ ከተባለች ሃያ ዓመት አልፏታል፣ የረዳቶች አፍ ግን እስካሁን ናዝሬት ነው። ከ200 ብር መልስ ተቀብዬ መስኮቱን ያዝኩ፤ ጎኔ የተቀመጡት እናት ጀበና በነጠላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገዋል፣ እስከ አዳማ ድረስ አንዴም አላስቀመጡትም።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ሹፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ ካርድ ተቀበለ። ይህ መንገድ መስከረም 2007 ዓ.ም. ሲመረቅ የሀገሪቱ የመጀመሪያው የክፍያ ፈጣን መንገድ ነበር፤ ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሂሳቡም በተሽከርካሪው ዓይነትና በተኬደው ርቀት ይሰላል። ሹፌሩ ካርዱን ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሰካው፣ የእኔ ዓይንም እዚያው ቀረ። የመግቢያው በር ለመውጫው በር የሚልከው መልእክት እኮ ነው፤ ሁለቱ በሮች አይተያዩም፣ በመካከላቸው የሚያልፈውም ሂሳብ ለማስላት የሚበቃው ያህል ነው። ባለጀበናዋ እናት ማን እንደሆኑ መውጫው አያውቅም፣ ቢያውቅም ምንም አይጠቅመው።

ከቤት ያስወጣኝ ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የድረ ገጽ መተግበሪያ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ በሌየር ይከፈላል፦ ከላይ ተጠቃሚው የሚያየው ስክሪን፣ ከሥሩ ሕጉንና ስሌቱን የሚይዘው ክፍል፣ ከሁሉም ሥር ዳታቤዙ። ዳታው ከአንዱ ወደ ሌላው በምን ቅርጽ ይለፍ? አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ኮድ መጻፍ ከተውኩ ስለሰነበትኩ ክርክሩን ከምሰማ ይልቅ የሚሠሩትን ሰዎች ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ ብዬ ማየት ፈለግኩ።

አዳማ ስንገባ ከኮረብታው በላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ክንፍ ይዞራል፤ የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የተሠሩ ናቸው። ያንን ሁሉ የሚያዞረው ነፋስ መናኸሪያው ውስጥ አቧራና ፌስታል ያዞራል። ባጃጅ ይዤ ፍራንኮ ሰፈር ወረድኩ። ፔንሲዮኑ አልጋ 900 ብር አለኝ፤ እንግዳ ተቀባይዋ የፋይዳ መታወቂያ ካርዴን ተቀብላ ፊቱንም ጀርባውንም በስልኳ አነሳችና ቴሌግራም ከፍታ ላከችው። ለማን ነው ብላት "ለራሴ ነው ጋሼ፣ እንዳይጠፋብኝ" አለችኝ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ ቁጥር 1284/2015 ነው፣ የግል መረጃ ጥበቃው ደግሞ ቁጥር 1321/2016፤ ከሥርዓቱ ጋር የተገናኘ ድርጅት "ይህ ሰው እሱ ነው?" ብሎ ጠይቆ "አዎ" ወይም "አይደለም" የሚል መልስ ብቻ ማግኘት ይችላል። ይህ ሁሉ ተደክሞበት የልደት ቀኔ፣ ፎቶዬና ቁጥሬ የልጅቷ ቴሌግራም ውስጥ ከሠርግ ቪዲዮዎች መካከል አደረ። ምንም አላልኳትም፣ አልጋው ንጹሕ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሄድኩበት ቢሮ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም። የሚበዙት ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ናቸው፤ ለክሊኒኮችና ለመድኃኒት ቤቶች ሶፍትዌር ይሠራሉ። መስኮቱ እንዳይዘጋ የተጣጠፈ ካርቶን ተወትፎበታል፣ ቢዘጋ ይሞቃል፣ ቢከፈት ኪቦርዱ አቧራ ይለብሳል። አንዱ ልጅ ከሌላ ድርጅት የተረከቡትን የአንድ ክሊኒክ ሲስተም ከፈተልኝ። ገጹ የዕለቱን ቀጠሮ ያሳያል፦ ስምና ሰዓት፣ በቃ። ከዚያ የብራውዘሩን የኔትወርክ መስኮት ከፍቶ "አሁን ይሄን እዩልኝ" አለኝ። ለዚያች አጭር ዝርዝር ከሰርቨሩ የወረደው ጄሶን፣ ማለትም ዳታው የሚላክበት ጽሑፍ፣ ማለቂያ የለውም። የታካሚው ስልክ፣ ቀበሌ፣ የቅርብ ተጠሪ ስም፣ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት፤ ዝቅ ሲል የሐኪሙ ዝርዝር፣ በእሱም ውስጥ የይለፍ ቃሉ የተመሰጠረ ቅጂ። ስክሪኑ ላይ አንዱም አይታይም። ኤፍ 12ን መጫን የሚያውቅ ካርድ ክፍል ውስጥ ያለ ማንም ሰው ግን ያየዋል።

እንዴት እንዲህ ሆነ ብዬ ጠየቅኩት፤ ማንም ተንኮል አስቦ አይደለም አለኝ። ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ሠንጠረዥ የሚወክለውን ዕቃ፣ እነሱ ኢንቲቲ የሚሉትን፣ ፕሮግራመሩ ሳይነካው እንዳለ ወደ ስክሪን ላከው። መጀመሪያ ላይ ኢንቲቲው ስምና ሰዓት ብቻ ነበረው፣ ምንም አይጎዳም ነበር። ቆይቶ ሌላ ሰው፣ ለሌላ ሥራ፣ ሠንጠረዡ ላይ የምርመራ ውጤት የሚል ዓምድ ጨመረ፤ ዓምዱም ማንም ሳያዘው ቀጠሮ ገጹ ድረስ ተጓዘ። ኦዋስፕ የሚባለው የድረ ገጽ ደኅንነት ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የኤፒአይ አደጋዎች ዝርዝር ውስጥ ከልክ በላይ ዳታ ማሳየትን 3ኛ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ በ2023 ደግሞ ከተቃራኒው ጥፋት ጋር አንድ ላይ ጠቀለለው።

ተቃራኒው ወደ ውስጥ ሲገባ የሚሆነው ነው። ልጁ የራሱን መገለጫ የሚያስተካክልበትን ፎርም ከፈተ፦ ስም፣ ስልክ፣ አስቀምጥ። ከዚያ ፎርሙ ላይ የሌለ አንድ መስመር፣ "ሚና፦ አስተዳዳሪ" የሚል፣ በእጁ ጨምሮ ላከው፣ ሰርቨሩም ያለምንም ጥያቄ ተቀብሎ አስተዳዳሪ አደረገው። (የሙከራ ሰርቨር ላይ ነው።) በመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. አንድ ሩሲያዊ ወጣት ሬይልስ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ የሠሩትን ሰዎች ስለዚሁ ቀዳዳ አስጠንቅቆ አልሰማ ሲሉት፣ ኮዳቸው በሚቀመጥበት ጊትሃብ ላይ የራሱን ቁልፍ ወደ ሬይልስ አካውንት አስገብቶ ቀዳዳውን በዚያው አሳያቸው፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሬይልስ 4 የትኞቹ ፊልዶች መግባት እንደሚችሉ በስም ካልተጻፈ አልቀበልም ማለት ጀመረ። የአዳማዎቹም መድኃኒት ይኸው ነው። ለሚገባው አንድ ትንሽ ቅርጽ፣ ለሚወጣው ሌላ ትንሽ ቅርጽ ያበጃሉ፣ ዲቲኦ ይሉታል። የቀጠሮው ዲቲኦ ሁለት መስመር ነው፦ ስም፣ ሰዓት። ነገ ሠንጠረዡ ላይ ሃምሳ ዓምድ ቢጨመር ሁለቱ ሁለት እንደሆኑ ይቀራሉ።

ማታ ነፋሱ ጋብ ሲል በእግሬ ወጥቼ ጥብስ በላሁ። ጎኔ ያሉት ሰዎች በኦሮምኛ ይሳሳቃሉ፤ ከጨዋታቸው የያዝኩት "መኪና" እና "ባንክ" የሚሉትን ብቻ ነው።

ማክሰኞ። ቁርስ ጨጨብሳ በማር፣ ከላዩ የሞቀ ወተት። ዛሬ ያገኘኋት ሴት የትናንቶቹን ልጆች አንዳንዶቹን አሠልጥናለች፤ ለብቻዋ ትሠራለች፣ ቢሮዋም የቤቷ በረንዳ ነው፣ ከጓሮዋ ፓፓያ አለ። የትናንቱን ስነግራት ራሷን ነቀነቀችና "ልክ ናቸው፣ ግን አንዴ መድኃኒቱን ከቀመሱ አያቆሙም" አለችኝ። ላፕቶፗን አዙራ የበፊት መሥሪያ ቤቷን ሥራ አሳየችኝ። አንድ ታካሚ በአምስት ቅርጽ ተጽፏል፦ ለዳታቤዙ አንድ፣ ለሪፖዚተሪው አንድ፣ ለሰርቪሱ አንድ፣ ለኮንትሮለሩ አንድ፣ ለስክሪኑ አንድ። አምስቱም ውስጥ ያለው ያው ነው፣ በመካከላቸውም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀዱ ፋይሎች ተሰልፈዋል። አንድ ቀን ደንበኛው የአያት ስም ይጨመርልኝ አለ። የእኛ ሀገር ስም በስምና በአባት ስም አያልቅም፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ሦስት "አበበ ከበደ" ሊሰለፉ ይችላሉ፣ ስለዚህ ጥያቄው ትክክል ነበር። አምስቱ ቅርጾች ላይ ተጨመረ፤ ከቀጂዎቹ አንዱ ላይ ግን ተረሳ። ፕሮግራሙ አልጮኸም፣ ፈተናውም አለፈ። ለሳምንታት የመድኃኒት ማዘዣው ላይ የአያት ስም የሚወጣው ባዶ ሆኖ ነበር፣ ያወቁትም አንዲት ፋርማሲስት በእስክሪብቶ እየሞላችው መሆኑ ሲታይ ነው።

ታሪኩን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች። ማርቲን ፋውለር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድርጅት ሶፍትዌር ቅጦች መጽሐፍ ውስጥ ዲቲኦን ሲያስቀምጥ ዓላማው ሌላ ነበር፤ ሁለት ማሽኖች በኔትወርክ ሲነጋገሩ እያንዳንዱ ጥሪ ውድ ስለሆነ፣ አሥር ጊዜ ከመጠየቅ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ዕቃ ሰብስቦ መላክ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ ፋውለር በአንድ ፕሮግራም ውስጥ፣ በአንድ ማሽን ላይ፣ በሌየሮች መካከል ዲቲኦ መደርደርን ተቃውሞ ጻፈ፤ ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል ብሎ። "ይቺን ሁለተኛዋን ማንም አያነባትም" አለችኝ እየሳቀች።

ታዲያ እንዳለ እንላከው ነው የምትዪው? አልኳት። እንደሱም አይደለም። ያለ ቅርጽ ሲላክ ምን እንደሚመጣ በራሷ ኮድ አሳየችኝ። ታካሚው ውስጥ የቀጠሮዎቹ ዝርዝር አለ፣ እያንዳንዱ ቀጠሮ ውስጥ ታካሚው አለ፣ ታካሚው ውስጥ ቀጠሮዎቹ አሉ፤ ወደ ጄሶን ቀይር ሲባል ሰርቨሩ እየዞረ ሄዶ ማስታወሻው ሞልቶ ወደቀ። ሁለተኛው የሚብሰው የማይወድቀው ነው። ሃይበርኔት የሚባለው የጃቫ መሣሪያ የተያያዘውን ዳታ ሲነካ ብቻ ነው የሚያመጣው፤ የ40 ታካሚዎች ዝርዝር በአንድ ጥያቄ ይመጣል፣ ጄሶን ጻፊው ግን የእያንዳንዱን ቀጠሮ ሲነካ አርባ ጥያቄ ይጨመራል። አዳማ ላይ ቢሮ ውስጥ አይታወቅም። ገጠር ክሊኒክ ውስጥ፣ ኔትወርኩ ሲያዘግም፣ ሲስተሯ ገጹ እስኪከፈት ካርዱን በእጇ ፈልጋ ትጨርሳለች።

የእሷ ደንብ አጭር ነው፦ ቅርጽ በር ላይ ይለወጣል፣ ክፍል ውስጥ አይለወጥም። ከውጭ የሚገባው በተጻፈለት ልክ፣ ወደ ውጭ የሚወጣው በተጻፈለት ልክ፤ በውስጥ፣ አንድ ሰው የሚጽፈውና አንድ ላይ የሚለወጠው ኮድ ውስጥ፣ ዕቃው ራሱ ይዘዋወር። በር የሚባለውስ የቱ ነው? ብላት ትንሽ አሰበችና "ከወዲያ ያለውን ሰው የማላዘው ከሆነ በር ነው" አለችኝ። የስልክ መተግበሪያውን የሚሠራው ሌላ ቡድን ከሆነ በር ነው፣ ብራውዘር ሁልጊዜም በር ነው። በዚህ በኩል ከፎቁ ልጆች ይልቅ ወደ እሷ አደላለሁ። ስለ ዶሜይን ሞዴል የነገረችኝን ቀሪውን ግን፣ ደብተሬ ላይ ቢኖርም፣ ዛሬም ሳነበው በደንብ አይገባኝም።

ረቡዕ። ከአዳማ ወደ ሞጆ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ደረቅ ወደቡ አጠገብ የጅቡቲ ተሳቢዎች ተደርድረው ጎማቸው ሥር ሾፌሮች ካርታ ይጫወታሉ። ከሞጆ እስከ ባቱ 93 ኪሎ ሜትር አዲስ ፈጣን መንገድ አለ፣ እኔ ግን መቂ መውረድ ስለፈለግኩ አሮጌውን መንገድ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ቆቃ ሐይቅ በስተግራ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ይዘረጋል፣ ግራር እዚህም እዚያም፣ መቂ ስንደርስ የሽንኩርት ሽታ ከመኪናው ቀድሞ ገባ፤ መንገድ ዳር ቀይ ሽንኩርት በጆንያ ተቆልሏል፣ ቲማቲም በእንጨት ሳጥን።

ከመቂ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያስገባኝ ሰው የሪፖርት ክፍሉን በር ከፍቶ "ሌየር ፈልገህ ከሆነ እዚህ ነው" አለኝ። ሲስተሯ መዝገቡን ዘረጋችልኝ፦ ትልቅ፣ ጠርዙ የተበላ፣ በመስመር አንድ ሰው። ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ጎጥ፣ የምርመራ ውጤት፣ የተሰጠ መድኃኒት፣ በመጨረሻም አስተያየት የሚል ጠባብ ዓምድ። ከመዝገቡ አጠገብ የቆጠራ ወረቀት አለ፤ አንድ ወባ ሲገኝ አንድ ዜሮ ላይ ጭረት ይደረጋል። በወሩ መጨረሻ ጭረቶቹ ይደመራሉ፣ ድምሩ ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ዲኤችአይኤስ-2 ይገባል። ይህ ሶፍትዌር መሠረቱ ከአፓርታይድ ውድቀት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ላይ የተጣለ፣ ዛሬ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ነው፣ ጤና ሚኒስቴርም በመላ ሀገሪቱ ይጠቀምበታል። ወደ ላይ የሚላከው አንድ ቁጥር ይዞት የሚሄደው ሦስት ነገር ነው፦ ምን፣ የት፣ መቼ፤ ከዚያ በዕድሜና በጾታ የተከፈለበት። ስም አይሄድም። ወረዳው፣ ዞኑ፣ ክልሉ፣ ሚኒስቴሩ፣ አንዳቸውም እዚህ መስመር ላይ የተጻፈችው ልጅ ማን እንደሆነች አያዩም።

ይህን ሳይ አዳማ ላይ ያየሁትን ክሊኒክ አስታወስኩና ወረቀቱ ከፕሮግራመሩ ይልቅ ጠንቃቃ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየ። አስተያየት ዓምዱ ላይ በሲስተሯ ጽሑፍ "ከአርሲ ለሥራ የመጣ" የሚል ተደጋግሟል፤ ወባው እዚሁ የተያዘ ይሁን ከሌላ የመጣ የሚጠቁመው እሱ ነው፣ የቆጠራው ወረቀት ግን ለእሱ ቦታ የለውም። አንዴ ከተቀነሰ በኋላ ከላይ ያለ ማንም ሰው፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ከድምሩ ውስጥ ሊያወጣው አይችልም። ትንሽ ላክ የሚለውን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ይህን አያነሱም።

ሌላው ዜሮ ነው። በአንድ ሳጥን ላይ ጠቋሚዋን አቁማ "እዚህ ዜሮ ብጽፍና ባዶ ብተወው ልዩነቱ ምንድነው?" አለችኝ። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው፣ በዚህ ወር ወባ አልተገኘም እና በዚህ ወር ማንም አልቆጠረም። ዲኤችአይኤስ-2 ግን፣ ለዚያ ጥያቄ ዜሮው ይቀመጥ ተብሎ ካልተፈቀደ በቀር፣ ቦታ ለመቆጠብ ዜሮን አያስቀምጥም። ድረ ገጽ ሠሪዎችም ዘንድ ይኸው ችግር በሌላ ልብስ ይመጣል፦ ፎርሙ ስልክ ቁጥሩን ሳይልክ ሲቀር "አትንካው" ማለቱ ነው ወይስ "አጥፋው"? በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 7396 የተባለ ስምምነት ያልተጠቀሰውን ተወው፣ ነል (ባዶ) ተብሎ የተጠቀሰውን አጥፋው ይላል። ብዙ የዲቲኦ ኮድ ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ይቀበላል፣ ስሙን ለማስተካከል የገባ ሰው ስልኩን አጥቶ ይወጣል።

ስወጣ ስለ ወሩ ጠየቅኳት። የሪፖርት ወራቸው ከ21 እስከ 20 ነው፤ የመስከረሙ ከነሐሴ 21 ሲቆጠር ጳጉሜን ይዞ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። መስከረም ላይ ግራፉ ከፍ ሲል ሁሉ ወባ ጨመረ ማለት እንዳልሆነ ከላይ ያለው ሰው ያስታውሳል ወይ? ትከሻዋን ሰበቀች። ሪፖርቱ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ የወረቀቱ ቅጂ ለምን በእጅ ወደ ወረዳ እንደሚወሰድም አልገባኝም፣ ስጠይቅ "ማኅተም አለበት" ተባልኩ።

ሐሙስ። ባቱ ያደርኩት ትንኝ ሲያባርረኝ ነው። ማለዳ ሐይቁ ዳር ስወርድ ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ አባ ኮዳዎች ራሰ በራቸውን ዝቅ አድርገው ቆመዋል፣ ይብራዎች ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል። ልጆቹ ቆሮሶውን በሁለት ቢላ ምት ሥጋውን ብቻ ከሁለት ጎኑ ያነሱታል፤ ጭንቅላቱና አጥንቱ ለወፎቹ፣ ሥጋው በበረዶ ሳጥን ወደ አዲስ አበባ። አጠገቤ የነበረው የባቱ ፕሮግራመር፣ በስልክ ቀጥሬው የመጣ፣ "ይኸው የእናንተ ዲቲኦ" አለኝ። የዓሣ ዱለት ግን ከአጥንቱ ጋር ከቀረውም ይሠራል ብዬ ትናንት ያየሁትን የአስተያየት ዓምድ ነገርኩት። ቁርሳችንም እሱ ሆነ፣ ከቃሪያ ጋር፣ በጣም ጥሩ።

ልጁ ለእንግዳ ማረፊያዎች የክፍል መያዣ ሲስተም ሠርቷል። የእሱ መከራ ቀን ነው። ስክሪኑ ላይ እንግዳው በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 12 ቀን 2017 ብሎ መረጠ። ስክሪኑን የሠራው ልጅ ወደ ፈረንጅ ለውጦ ሜይ 20 ቀን 2025 ላከው። ሰርቨሩን የሠራው እሱ ደግሞ፣ የሚመጣው የእኛ አቆጣጠር ነው ብሎ ስላመነ፣ 20/5/2025ን ጥር 20 ቀን 2025 አድርጎ አነበበና እንደገና ለወጠው። እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ ሲስተሙ የሚያውቀው ጃንዋሪ 28 ቀን 2033 ነው። ሁለቱም ያደረጉት ትክክል ነበር፣ የተሳሳተው በመካከላቸው የሚያልፈው ቅርጽ ስሙን አለመናገሩ ነው፤ ሦስት ቁጥርና ሁለት ጭረት የየትኛው ዘመን እንደሆነ አይገልጽም። አሁን በመካከል የሚያልፈው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ የፈረንጁ፣ ዓመቱ ቀድሞ። የእኛው አቆጣጠር የሚታየው ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው፣ እዚያው ተመርጦ እዚያው ይለወጣል። ጃቫ ላይ ይህን ሲሠራ ተጨማሪ ላይብረሪ ማምጣት ነበረበት፤ ጆዳ ታይም የኢትዮጵያን ዘመን ያውቅ ነበር፣ በጃቫ 8 የመጣው የቀን ስብስብ ግን የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን ሲይዝ የእኛን ትቶታል።

እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ከበደ። ቡልቡላን አልፈን፣ አቢያታ በሩቅ ነጭ ሆኖ እያየነው፣ አርሲ ነገሌ ለምሳ ወረድን። ከተማው በአረቄው ይታወቃል፣ ከአንድ ግቢ ውስጥ የሚወጣውን ጭስ የእንሰት ነው ስል ባለቤቲቱ የብቅል ነው ብለው ሳቁብኝ። ማታ ሻሸመኔ ስገባ ዝናብ ጀመረ፣ ከአዲስ አበባ ወዲህ የመጀመሪያው።

ዓርብ። ሻሸመኔ መንገድ የሚበተንባት ከተማ ናት፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ባሌ፣ ወደ ወላይታ፤ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ጭቃውን እየዘለሉ መሄድ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ለነጋዴዎች የዱቤ መመዝገቢያ የስልክ መተግበሪያ ሠርተዋል፣ ሱቃቸው ውስጥ ከጄሪካንና ከሳሙና ካርቶን መካከል ሰርቨራቸውን ያስተዳድራሉ፣ ሰርቨሩ ራሱ ሌላ ሀገር ነው። መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ስም ነው። ጫላ የሚባል ደንበኛ በቁቤ ሲጻፍ በሲ ይጀምራል፣ ባንክ ደብተሩ ላይ ሲኤች ሆኖ፣ ታናሽየው ደግሞ በግዕዝ ፊደል መዝግቦታል፤ ሦስት ባለዕዳ ሆኖ ተገኘ። ፊደሉን የቱ ሌየር ላይ እንለውጠው ብለው ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ አልለወጡትም፤ ሰውየው ራሱ የሰጠው አጻጻፍ እንዳለ ይቀመጣል፣ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን የተቃለለ ቅጂ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ያኛው ከዳታቤዙ ወደ ስክሪን አይወጣም። ይህን ከማንም መጽሐፍ አላገኙትም፣ እኔም በጣም ወደድኩላቸው።

ሁለተኛው የስልክ ቁጥር ነው። መተግበሪያው ሲጀመር ለአንድ ደንበኛ አንድ ስልክ ነበረው። ሳፋሪኮም ከመጣ ወዲህ ግን ነጋዴው ሁሉ ሁለት ሲም ይዞ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ "ስልኮች" የሚል ዝርዝር ሠሩ። አዲሱ መተግበሪያ ዝርዝሩን ያነባል። አሮጌው ግን "ስልክ" የሚለውን ካላገኘ ይዘጋል፣ አሮጌውንም የጫኑት ኮፈሌና ዶዶላ ያሉ ነጋዴዎች ዳታ ይበላል ብለው አያድሱትም። ማደስ አለባቸው ብሎ መናደድ ይቻላል፤ ወንድማማቾቹ አልተናደዱም። ከሰርቨሩ የሚወጣው ቅርጽ አሁን ሁለቱንም ይዟል፣ የዝርዝሩን የመጀመሪያ ቁጥር "ስልክ" ብሎ ይደግመዋል። ዳታቤዙ ውስጥ ያ ዓምድ ከጠፋ ቆይቷል፣ የሚኖረው በር ላይ ብቻ ነው። ያቺ የአዳማዋ ሴት ብታየው የምትስማማ ይመስለኛል።

ታላቅየው ኮዱን አሳየኝ። ከመስመሩ በላይ በአማርኛ "ጊዜያዊ ነው፣ እስከ መጋቢት 30 ይወገድ" ተጽፏል። ግንቦት ገብቷል እኮ አልኩት። ሳቀና ስልኩን አውጥቶ ትናንት ማታ ከዶዶላ በአሮጌው መተግበሪያ የተመዘገበውን ዱቤ አሳየኝ፦ 14 ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ካርቶን ሳሙና። ከዚያ ለደንበኛ ዘይት ሊቀዳ ተነሳ፣ እኔም ወደ ሐዋሳ የሚሄደውን መኪና ጥሪ ሰምቼ የጠጣሁትን ሻይ ሂሳብ ጠየቅኩ፤ ሻዩን አናስከፍልም አሉኝ።